አፍሽን ከመሸፈንሽ በፊት

ልጄ፣ ሰው ባናገረሽ ቁጥር የነጠላሽን ጫፍ ወደ አፍሽ ስታስጠጊ አያለሁ። ስትስቂ ፊትሽን ታዞሪያለሽ፤ ቡና ላይ ከሁሉም ርቀሽ በሩ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ሳትነግሪኝ ገባኝ። በነርስነት ባገለገልኩበት ዘመን ይህን ምልክት በብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ። ከፌጥራም ከሚዳም ወደ ዓለም ከተማ ለሕክምና የሚመጣ ሰው ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ሳሉ ሰው ሁሉ እየሰማ ይናገራል። የአፉን ጠረን የሚያነሣው ግን ሊወጣ በሩን ከያዘ በኋላ ነው፤ ያውም ካነሣው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ፊት ለፊት ብነግርሽ እንዳታፍሪ ብዬ ጻፍኩልሽ። ቁጥር የሰጠሁት በፈለግሽ ጊዜ ተመልሰሽ እንድታዪው ነው፤ ሁሉም እኩል ይመዝናሉ ማለቴ አይደለም። ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ደጋግመሽ አንብቢ።

፩. መጀመሪያ እውነት መሆኑን አረጋግጪ

የራስን አፍ ጠረን ማወቅ ያስቸግራል፤ አፍንጫ የለመደውን ሽታ ይተወዋል። መዳፍ ላይ ተንፍሶ ማሽተትም ብዙ አይነግርም። የእጅሽን አንጓ በምላስሽ ላሺው፣ እስኪደርቅ ትንሽ ጠብቂና አሽቺው። ወይም በንጹሕ የሻይ ማንኪያ የምላስሽን የኋለኛ ክፍል በቀስታ ፋቂና የወጣውን አሽቺ። ከሁሉም የሚሻለው ግን የምታምኚው ሰው ነው፤ እናትሽ፣ እኅትሽ፣ ወይም እኔ አክስትሽ። ከእንቅልፍ እንደተነሣሽ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ነጭ ሽንኩርት ባልበላሽበት ቀን፣ ጠጋ ብለሽ አናግሪና እውነቱን ጠይቂ።

ይህን የማስቀድመው ምንም ሽታ ሳይኖርባቸው ከሰው የተለዩ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። አጠገባቸው ያለ ሰው አፍንጫውን ቢነካ፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ቢከፈት በእነሱ ምክንያት ይመስላቸዋል። ባለሙያ አይቶ "ምንም የለም" ቢላቸው አያምኑም፤ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የዚህ ሰው ሕመም ጭንቀቱ ነው፤ መታከም ያለበትም እሱ ነው። የምታምኛቸው ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን "የለብሽም" ካሉሽ እመኛቸውና ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሚው።

፪. ከጨጓራ በፊት ምላስሽን ተመልከቺ

በእኛ አገር አፍ ከሸተተ መጀመሪያ የሚከሰሰው ጨጓራ ነው። አፉን ከፍቶ ሳይታይ የጨጓራ መድኃኒት ለወራት የሚውጥ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን መጥፎ ጠረን ካለባቸው ከአሥር ሰዎች የስምንቱ ወይም የዘጠኙ ምንጩ እዚያው አፋቸው ውስጥ ነው። ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ስንውጥና ስናገሳ ካልሆነ በቀር ዝግ ሆኖ ይቆያል። ቃር ያለበትና የበላው ወደ ላይ የሚመለስበት ሰው ጠረኑ ሊባባስ ይችላል፤ እሱ ይታከም። ሌላው ሰው ከአፉ ይጀምር።

አፋችን ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች መኖራቸው ከታወቀ ቆይቷል። አንቶኒ ቫን ሌወንሁክ የተባለ ሆላንዳዊ በ1683 እ.ኤ.አ. ከራሱ ጥርስ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ሲያየው የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አገኘበት። ሰውየው ጥርሱን በየቀኑ በጨው የሚያሽ ንጹሕ ሰው ነበር። ከእነዚህ ተህዋስያን መካከል አየር የማይደርስበት ቦታ የሚስማማቸው አሉ። የምግብ ትራፊን፣ ከአፍ የሚላጠውን የሞተ ቆዳና ከድድ የሚወጣውን ደም ሲያፈርሱ ድኝ ያለበት ጋዝ ይለቃሉ፤ አንደኛው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪ ጆሴፍ ቶንዜቲች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው ይህን ጋዝ እየለኩ ዋናው ምንጭ አፍ መሆኑን አሳይተዋል።

እነዚህ ተህዋስያን አብዝተው የሚሰፍሩት ምላስ ላይ ነው፤ በተለይ ወደ ጉሮሮ በሚጠጋው ክፍል። ምላስ ለስላሳ ይምሰል እንጂ እንደ ባና ጠጉር ያለበት ነው፤ ትራፊ ይይዛል። መስታወት ፊት ቆመሽ ምላስሽን አውጪ፤ ኋላው ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን ካለ ጠረኑ የሚነሣበትን አንዱን ቦታ አገኘሽ ማለት ነው። በጥርስ ብሩሽ ወይም በማንኪያ ጠርዝ ከኋላ ወደ ፊት ሦስት አራት ጊዜ ሳትጫኚ ጥረጊ፤ ማንኪያውን እያጠብሽ ድገሚ። መጀመሪያ ያቅለሸልሻል። ትንፋሽሽን አውጥተሽ ያዝ ስታደርጊ ይቀላል፤ በሳምንት ውስጥ ትለምጂዋለሽ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አድርጊው፤ ተህዋስያኑ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉና።

፫. ድድሽ ሲደማ መፋቅ አታቁሚ

ልጄ፣ ከሁሉ በላይ እንድትይዥልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ሰው ጥርሱን ሲፋቅ ደም ያይና "ቆሰልኩ" ብሎ ይተዋል። የደማው ግን ባብዛኛው በመፋቁ ሳይሆን ባለመፋቁ ነው። በጥርስና በድድ መካከል የተጠራቀመው ቆሻሻ ድድን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ድድ በትንሽ ነገር ይደማል። ሲተው ቆሻሻው ይበዛል፣ እብጠቱ ይጨምራል። ቆሻሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠንክሮ እንደ ድንጋይ ከጥርስ ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ ብሩሽም መፋቂያም አያነሣውም፤ የጥርስ ባለሙያ በመሣሪያ ማንሣት አለበት። ጥርስ ማስታጠብ የምንለው እሱ ነው። "ጥርስ ያስታጠበ ጥርሱ ይወልቃል" የሚሉሽን አትስሚ። የሚነቃነቀው ጥርስ ከስሩ አጥንቱ ተበልቶ ቀድሞም የላላ ነው፤ ድንጋዩ ሲነሣ መላላቱ ታወቀ እንጂ ማጽዳቱ አላላላውም።

የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ አያምም። ለዚህ ነው የሚዘናጉበት። ምልክቱ ደም፣ መቅላት፣ ጥርስ የረዘመ መምሰል፣ በጥርስ መካከል ክፍተት መከፈት፣ ጠዋት አፍ መምረር፣ እና ይህ ጠረን ነው። ችላ ካሉት መጨረሻው ጤነኛ የሚመስል ጥርስ በጣት ተነቅሎ መውጣት ነው። በአርባ ዓመታቸው ፊታቸው የጎደጎደ እናቶችን አስታውሺ።

መፋቂያ የአባቶቻችን ነው፤ አልነቅፈውም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 እ.ኤ.አ. መፋቂያ የለመደ ሕዝብ ባለበት አገር መጠቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። የወይራም ይሁን የክትክታ ወይም የልምጭ፣ ጫፉን አኝከሽ እንደ ብሩሽ አድርጊው፤ ያለቀውን ቆርጠሽ ጣዪ። የማየው ጉድለት ሁለት ነው። ሰው የፊት ጥርሱን ብቻ እስኪያብለጨልጭ ይፍቅና መንጋጋውንና የጥርሱን የውስጥ በኩል ይረሳል፤ ወደ ጎን በኃይል እየሳበም ድዱን ይፍቃል። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ፋቂ፤ መንጋጋ ድረስ ግቢ። ቢያንስ ማታ ማታ ደግሞ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ሁለት ደቂቃ ያህል በለስላሳ ብሩሽ ቦርሺ፤ ጥርስ እንዳይበላ የሚያደርገውን ፍሎራይድ መፋቂያው በበቂ አይሰጥሽም። አረፋውን ትፊና ብዙ ውኃ አትጉመጥመጪ። በጥርስ መካከል ብሩሽ አይገባም፤ የጥርስ ክር ከመድኃኒት ቤት ከተገኘ እሱን ተጠቀሚ፤ ስንጥር ካልሽም ድድሽን ሳትወጊ።

ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ድድ ይበልጥ ይደማል፤ በሰውነት ለውጥ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ማጽዳት ይጨመራል እንጂ አይቀነስም፤ ለጥርስ መታየትም ለፅንሱ አያሰጋም፤ እርጉዝ መሆንሽን ብቻ ንገሪያቸው።

፬. የተበላ ጥርስ ትል የለበትም

ጥርስ የሚበላው ተህዋስያን ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡ አሲዱ ጥርሱን እያሟሟው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ምግብ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ይሸታል። የእምቧይ ፍሬ ጭስ ታጥነው "ትሉ ወረደልኝ" የሚሉ አሉ፤ የወደቀው ነገር ከጥርስ የወጣ አይደለም። የባትሪ ውኃ ወይም ቤንዚን ጉድጓዱ ላይ የሚያደርግ ካየሽ እጁን ያዢ፤ ድዱንና ጉንጩን ያቃጥለዋል። ጥርሱ ሊሞላ የሚችል ከሆነ ይሞላ፤ ካልሆነም በባለሙያ ይነቀል። ሻይሽ ላይ የምትጨምሪውን ስኳር ደግሞ ቀንሺ።

፭. ደረቅ አፍ ይሸታል

ምራቅ አፍን የሚያጥብ የራሳችን ውኃ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ያመነጫል፤ እንቅልፍ ላይ ግን ሊቆም ምንም አይቀረው። ጠዋት ሁሉም ሰው የሚሸተው በዚህ ነው፤ ቁርስና ውኃ ሲገባ የሚለቅ ጠረን በሽታ አይደለም። አፉን ከፍቶ የሚተኛና የሚያንኮራፋ ይብስበታል። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ፣ በለሚ አድርገሽ ስትመጪ ጀማ በረሃ ላይ አፍሽ እንዴት እንደሚደርቅ ታውቂዋለሽ፤ ከአውቶቡስ ወርደሽ ዘመድ ከመሳምሽ በፊት ውኃ ጠጪ።

ጾም ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ስለማያኝክ ምራቁ ይቀንሳል፣ ምላሱ ላይ ሽፋን ይጠራቀማል፤ ሰውነቱም ስብ ማቃጠል ሲጀምር ከሳንባው የሚወጣ የተለየ ጠረን ይመጣል። ይህ የጾም ጠረን ነው፤ ሲፈታ ይሄዳል፣ አያሳፍርምም። የምትችዪው ነገር ግን አለ። ማታ የመጨረሻውን ከበላሽ በኋላ ጥርስሽንም ምላስሽንም በደንብ አጽጂ፤ ጾሙ በተፈታ ጊዜ ውኃ በደንብ ጠጪ። ጠዋት በደረቅ መፋቂያ መፋቅ ብዙ ይረዳል። ለመቁረብ 18 ሰዓት በምትጾሚበት ቀን አፍ ስለመጉመጥመጥ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም።

አንዳንድ መድኃኒት አፍ ያደርቃል፤ ለአለርጂ የሚሰጥ፣ ለድብርት የሚሰጥ፣ ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ። አፍሽ የደረቀው መድኃኒት ከጀመርሽ ወዲህ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ። በራስሽ አታቋርጪ።

፮. የምንበላውና የምንጠጣው

ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ስንት ጊዜ ቢቦርሽ ይሸታል፤ ከሽታው ነገሮች አንዱ በአንጀት ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል ስለሚወጣ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ሽሮሽን ያለ ነጭ ሽንኩርት ሥሪ አልልሽም፤ ሠርግ ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ባለበት ዋዜማ ተይው። አረቄ አፍ ያደርቃል፣ ሲጋራ ደግሞ ከራሱ ሽታ በላይ ድድን ይጎዳል፤ የድዱንም መድማት ስለሚቀንስ በሽታው ተደብቆ ይቆያል።

፯. ሕፃን ሲሸት ዝም አትበዪ

የሕፃን አፍ ጠረን ከአዋቂው የተለየ ነው፤ በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያለ፣ የከሳ፣ ወይም ከኩፍኝ በቅርቡ የተነሣ ልጅ ከሆነ። ድዱ ቀልቶ ከቆሰለ፣ ከደማ፣ ለሐጩ ከበዛ፣ አፉ እንደ በሰበሰ ነገር ከሸተተ፣ ጉንጩም ማበጥ ከጀመረ አንድ ቀንም አትጠብቂ። ኖማ የተባለ በሽታ እንዲህ ይጀምራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭንና መንጋጋን በልቶ ፊት ላይ ቀዳዳ ይከፍታል። ካልታከመ ከመቶው ሕፃናት እስከ ዘጠና የሚደርሱት ይሞታሉ፤ የተረፉትም ፊታቸው ተበላሽቶ፣ አፋቸው አልከፈት ብሎ ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አገራችንም በሽታው ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ገና ድድ ላይ ሳለ ከተደረሰበት ተራ በሆነ የጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ አፍን በማጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ይድናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይቃጠላል፤ እንዲህ በቀላሉ የሚድን በሽታ ልጅን የሚገድለው "ዓይን በልቶት ነው" ተብሎ ቤት ውስጥ ሲደበቅ ነው። በሽታው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ጸበሉን ያጠጡት፤ በዚያው ቀን ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል እዚሁ ዓለም ከተማ ነው። ጎረቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካየሽ ለእናቱ አንቺ ንገሪያት፤ የጠረኑ ነገር አሳፍሯት ሊሆን ይችላልና።

ሌላም የሕፃን ሽታ አለ፤ እሱ ቀላል ነው። ከአንድ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ንፍጥ የሚወርደው ልጅ ባብዛኛው ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ከቶበት ነው። በወስፌ አትጎርጉሩት፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሐኪም ያወጣዋል።

፰. ጉሮሮ

ቶንሲል ላይ ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ትራፊ ተጠራቅሞ ነጭ ጠጠር ይሆናል። ስታስይ ወይም ስታነጥሺ አንዳንዴ ይወጣል፤ ስታፈርሺው በጣም ይሸታል። አያሰጋም፤ ሞቅ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ይረዳል። የሳይነስ ሕመምም ከአፍንጫ በስተኋላ ወደ ጉሮሮ እየወረደ ያሸታል። "እንጥል ነው" ብለው ሊቆርጡ የሚመጡትን ግን በር ላይ መልሻቸው። እንጥል የዚህ ጠረን ምንጭ አይደለም፤ በምላጭ የተቆረጠ ሰው ደም ሲፈሰውና ሲመረቅዝ አይቻለሁ።

፱. ከአፍ ውጭ ሲሆን

ከመቶው ጥቂቱ ነው፤ ጥቂቱ ግን ይከብዳል። የስኳር በሽተኛ ትንፋሹ እንደ በሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ፣ ውኃ ከጠማው፣ ካስታወከና በረጅሙ መተንፈስ ከጀመረ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይግባ፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል። ለረጅም ጊዜ የሚያስልና የሚሸት አክታ የሚያወጣ ሰው ሳንባው ይታይ።

፲. መሸፈኛውን መድኃኒት አታድርጊው

ኮረሪማ ማኘክ፣ ቅርንፉድ መያዝ፣ ቡና ላይ ጤና አዳም መጨመር ደስ ይላል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ማኘኩ ምራቅ ስለሚያመጣም ይጠቅማል። ነገር ግን የተሸፈነው ሽታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ከረሜላ ደግሞ ስኳር ስላለበት ጥርሱን ይጨርሰዋል። ሊስተሪን የተባለው የአፍ ማጠቢያ በ1879 እ.ኤ.አ. የተሠራው ለቀዶ ሕክምና ማጽጃነት ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን አሜሪካ ውስጥ በአፍሽ ጠረን ምክንያት ባል አታገኚም እያለ ወጣት ሴቶችን በሚያስፈራ ማስታወቂያ በብዛት ተሸጠ። እፍረት ገንዘብ ያወጣል፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። አልኮል ያለበት ማጠቢያ አፍ ያደርቃል፤ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውም ባለሙያ ለጥቂት ሳምንት ሲያዝ ብቻ ነው፤ ሲበዛ ጥርስ ያጠቁራል። ለእሱ የምታወጪውን ገንዘብ ጥርስሽን አስታጥቢበት። እዚህ የጥርስ ባለሙያ ባይገኝ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ስትሄጂ አትለፊው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል።

፲፩. ለሌላው ስትነግሪ

አንድ ቀን ደግሞ የሌላ ሰው ጠረን ይሸትሻል፤ የጓደኛሽ፣ የባልሽ፣ የአማትሽ። አፍንጫሽን አትያዢ፤ ለሦስተኛ ሰው አታውሪ። በትዳር ውስጥ "ጠላኝ" "ጠላችኝ" እየተባለ ሽማግሌ ፊት የሚደርስ ጠብ መነሻው ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ አንዱ መናገር አፍሮ ፊቱን ያዞራል፣ ሌላው ምክንያቱን ሳያውቅ ይከፋዋል። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ሳትጮኺና ሳታንሾካሽኪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፦ "ሰሞኑን አፍህ ትንሽ ጠረን አለው፤ ድድህ ይሆናል፣ እንታይ።" ለአማትሽ ከሆነ በአንቱታ፣ መጀመሪያ ጥርስ ያማቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ወሬውን ራሳቸው ያመጡታል። ለሚያፍር ሰው "እኔም ነበረብኝ፣ እንዲህ አድርጌ ዳንኩ" ማለት ከማንኛውም ምክር ይቀልለታል፤ አንቺ ከዚህ በኋላ ይህን ማለት ትችያለሽ። ከነገርሽው በኋላ መልስ አትጠብቂ፤ ሌላ ወሬ ጀምሪ፣ ቀጠሮ የተያዘለት ቀን ግን አብረሽው ሂጂ።